በካውያ የተፈተኑ ዘፈኖች

«ትምህርት ቤቱ በሩን ቢዘጋብሽ፣ ጆሮሽን ማን ዘጋብሽ?»

ታናሽ ልጃቸው ከዘጠነኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ፣ ሕፃን ታቅፋ፣ አንገቷን ደፍታ ወደ ቤት በተመለሰች ዕለት ይህን ያሏት፣ ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው፣ የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ቃኚው» እያለ የሚጠራቸው አባታችን ናቸው። ወቀሳም ምክርም ሳይጨምሩ ጊታራቸውን ከግድግዳ አውርደው፣ «በይ፣ የትኛው ክር እንደላላ ንገሪኝ» አሏት።

አባታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ለቤቱ የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስም በቅርብ ወደሚገኘው ትምህርት ቤት ገብተው ሁለተኛ ደረጃን ያጠናቀቁ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ጊታራቸውን የሠሩት ግን ከአባታቸው ሥራ በተረፈ የቁም ሣጥን በር ነበር። አባታቸው ድምፁን ሰምተው፣ «በር ሆኖ እንኳ እንዲህ ሲጢጥ ብሎ አያውቅም!» እንዳሏቸው እስከ መጨረሻው እየሳቁ ያወሩልን ነበር።

ቀን ቀን የቤት ዕቃ ቫርኒሽ እየቀቡ፣ ማታ ማታ በአንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ ጊታር እየተጫወቱ ለረጅም ዘመን ሠርተዋል። የሆቴሉን አንሶላ ይተኩሱ የነበሩትን እናታችንን ያገኙትም እዚያው ነው። የባንዱ መለማመጃና የልብስ መተኮሻው ክፍል የሚለያዩት በአንድ ስስ ግድግዳ ስለነበር፣ አዲስ ዘፈን በተጠና ማግስት አባታችን ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ፤ እናታችን ካንጎራጎሩት ዘፈኑ መድረክ ይወጣል፣ ዝም ካሉ ይቀራል። የባንዱ መሪ ተበሳጭተው፣ «ይሄ ባንድ የሚመራው በካውያ ነው እንዴ?» ቢሏቸው፣ «ካውያው ይሻላል፤ የተጨማደደ ነገር አይወድም» ብለው መለሱላቸው። በዚያው ግድግዳ ምክንያት ተዋውቀው ተጋቡና ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ።

እናታችን ካረፉ በኋላ ሥራውንም መድረኩንም ትተው ቤት ሲውሉ፣ ልጃቸው በስልኳ እየቀረፀችላቸው ጊታርን በኢንተርኔት ማስተማር ጀመሩ። መጀመሪያ የመረጧቸው ዘፈኖች ግን ጣት የሚያወላልቁ፣ ከተማሪው ይልቅ የአስተማሪውን ችሎታ የሚያሳዩ ነበሩና ተማሪው አንድ በአንድ ይሸሽ ጀመር። አንዱማ፣ «አባባ፣ ጣቴ ቆስሏል፣ ዘፈኑ ግን እስካሁን አልመጣም» ብሎ ጻፈላቸው። በዚያው ሰሞን ልጃቸው ልብስ እያሰጣች፣ በየታክሲው የሚከፈተውን ዘፈን ስታንጎራጉር ሰምተው፣ «ሦስት ኮርድ! ይሄም ዘፈን ሆኖ…» ብለው ሊያፌዙ ጀምረው ጊታራቸውን አነሡ። የእናታችን ካውያ ትዝ ብሏቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ልጃቸው ሳይታወቃት ያላንጎራጎረችው ዘፈን ለትምህርት አልቀረበም፤ «አሁን ምን ነበር ያልሽው?» የሚለው ጥያቄም የዘወትር ሰላምታ ሆነ። የሸሸው ተማሪ ሌላውን አስከትሎ ተመለሰ።

ተማሪዎች ደጋግመው የለመኗቸውን አንድ የድሮ ዘፈን ግን ከልክለው ቆዩ። እናታችን አንሶላ ሲተኩሱ ከአፋቸው የማይለዩት ዘፈን ስለነበር፣ «እሱ አይነካም» ብለው ያልፉት ነበር።

ባለፈው ዓመት ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን ሲያዝለው፣ ሐኪሙ ዕረፍት ቢያዝዙላቸውም፣ «የጀመርኩትን ሳልጨርስ የሚያሳርፈኝ የለም» አሉ። ከጀመሩት ተከታታይ ትምህርት የቀራቸው የመጨረሻው ብቻ ሲሆን፣ ለእሱ ያሰቡት ራሳቸው የደረሱትን እጅግ ከባድ ዜማ ነበር። አንድ ከሰዓት ግን ልጃቸው ሕፃኗን ስታባብል ያ የተከለከለው ዘፈን ከአፏ ሲወጣ ሰሟት።

«አሁን ምን ነበር ያልሽው?»

ደንግጣ፣ «ምንም» አለች።

«ምንም የሚባል ዘፈን አላውቅም። ስልክሽን አምጪ።»

እርሳቸው በግራ እጃቸው ኮርዱን እየያዙ፣ እርሷ በቀኝ እጇ ክሩን እየመታች፣ በአንድ ጊታር ላይ ሁለት ሆነው ያንን ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስተማሩ። በመሃል ልጃቸው ምቱን ስታሳልፍ፣ «ዘገየሽ፣ እሜቴ ካውያ!» ብለው ሲስቁ በቪዲዮው ላይ ይሰማል።

አባታችን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ትናንት ማለዳ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐርፈዋል። ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታናሽ እህታቸውን፣ እንዲሁም ፊት ለፊት አይተዋቸው የማያውቁ በርካታ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን እጅ በማይዝልበት ስፍራ፣ ከእናታችን ጋር ግድግዳ ሳይለያቸው ያሳርፍልን፤ ለእኛም የእርሳቸውን ጽናት ይስጠን።

ዛሬ ጠዋት ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶት ሳለ፣ ልጃቸው ከተቀረፀ ወዲህ ሳይላክ የቆየውን የመጨረሻ ትምህርት ከፈተች። ያቆየችው የዘገየችበትን ቦታ ልትቆርጠው ነበር። ሳቃቸውን ሰማችና፣ ሳትቆርጠው ለተማሪዎቻቸው ላከችው።