ለጓዱ የተመታው ጀሪካን

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ በር ላይ ቆሞ መከራከር የሚባል ነገር አልነበረም። እናንተ ግን «ያ ባለሥልጣን እሁድ ቤተ ክርስቲያን ለምን መጣ? ማን አስገባው?» ስትሉ ሰማኋችሁ። ሰማኋ! ዓይኔ ነው የደከመው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው። ቁጭ በሉ፣ እኛ ያስገባነውን ሰውዬ ልንገራችሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። እዚሁ ጋምቤላ አንድ ካድሬ ነበር፣ ጓድ ነው የምንለው፣ ስሙን ልተወው፣ ልጆች አሉት። ይኼ ሰውዬ ታዲያ ቤተ ክርስቲያናችንን ቆልፎ የቀበሌ መሰብሰቢያ አደረገው፣ ከበሮአችንን ወሰደ፣ እና ባሌን ኦጁሉን፣ ከበሮ መቺውን፣ «ሕዝቡን ከስብሰባ የምታስቀረው አንተ ነህ!» ብሎ አሰረው። ኦጁሉ የተፈታው ክረምት ሲገባ ነው። ሲወጣ ከስቶ ከስቶ ሱሪው አልቆምለት ብሎ በገመድ ነበር የሚያስረው። አልቅሻለሁ፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

እና እኛ እዚህ ግቢዬ ውስጥ፣ ማንጎው ሥር፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን መጸለይ ጀመርን። ከበሮ የለም፤ ኦጁሉ ባዶ ጀሪካን ገልብጦ በመዳፉ ይመታል። ወግ ደግሞ አለን፣ ታውቁታላችሁ፤ አዲስ ሰው ከመጣ ይቆማል፣ ስሙንና አገሩን ይናገራል፣ ከዚያ ከበሮ ይመታለታል። እስኪመታለት ድረስ እንግዳ ነው፤ ከተመታለት የቤት ሰው ነው።

ታዲያ በዚያው ክረምት ባሮ ሞላ። እኛ ኦፔኖ የምንለው። ኦፔኖ ሲቆጣ ካድሬና ሰፊ ሕዝብ አይለይም! ጓዱ ለሥራ ኢታንግ ሄዷል፤ ሚስቱ ልጅ እግር ናት፣ ከደጋ የመጣች፣ ነፍሰ ጡር፣ ዋና አታውቅ፤ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ትጮሃለች። ማን ደረሰላት መሰላችሁ? ኦጁሉ! ታንኳውን ገፍቶ ሄደና አወጣት። እኔ ቤት አመጣት፣ እና እኔ ቤት ወለደች። ሴት ልጅ። እትብቷን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ጓዱ ሲመጣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር።

«የማን ቤት ነው ይኼ?» አለ።

«ያሰርከው ሰውዬ ቤት ነው። ግባ፣ ልጅህ ተኝታለች» አልኩት።

ገባ። ልጁን አየ። ኦጁሉን አየ። «ለምን አደረጋችሁት?» አለ።

«ጌታ አድርጉ ስላለን ነዋ! አንተን ብንጠይቅማ መጀመሪያ ስብሰባ ትጠራ ነበር» አልኩት።

ታዲያ እሁድ ሆነና ማንጎው ሥር ተሰብስበን ሳለ ማን ብቅ አለ? ጓዱ! ካኪውን እንደለበሰ፣ ሚስቱ ከኋላው፣ ልጅቷን ታቅፋ። ዲያቆናችን ብድግ አለና በጆሮዬ፣ «አሪየት፣ ይኼ ሰውዬ መልካችንን አይቶ ነገ ሊያስለቅመን ነው! አስወጪው!» አለኝ።

«ግቢው የእኔ ነው፣ አላስወጣም! በጎርፍ ቀን ያስገባሁትን በጸሎት ቀን ላባርር? ቁጭ በል!» አልኩት፣ ጮክ ብዬ። ልጅቷንም ከእናቷ ተቀብዬ ታቀፍኳት።

ቄሳችን ሽማግሌ ነበሩ፤ «ለእንግዳ የምናደርገውን እናደርጋለን» አሉ። ኦጁሉ ግን፣ ወይ ኦጁሉ! ጀሪካኑ ላይ ተቀመጠበት።

«ውሃ ውስጥ ላለ ሰው ታንኳ አልከለክልም። ለዚህ ሰውዬ ጀሪካን ለመምታት ግን እጄ አይነሳም» አለ።

ሰውዬው ሳይመታለት ከወጣ ምን ሊሆን ነው? እሱም ተዋርዶ ይሄዳል፣ እኛም የምንሰብከው ውሸት ሊሆን ነው፣ ከዚያ ደግሞ እስር ቤቱ አለ!

ቄሱ «ተነሥ ልጄ፣ ስምህንና አገርህን ንገረን» አሉት። ጓዱ ተነሣ። ላብ በላብ ሆኗል። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሕዝብ ፊት መቆም የለመደው በስብሰባ አይደል፣ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ አነሣና «ኢትዮጵያ ትቅደም!» አለ።

እኛስ? እኛም የለመድነው እሱን ነው! ሁላችንም እጃችንን አንሥተን «ትቅደም!» ብለን ማንጎውን አናወጥነው። ቄሱ ሳይቀሩ፣ በግራ እጃቸው መጽሐፍ ቅዱሱን እንደያዙ!

ማንም እጁን ለማውረድ አልደፈረም። ዞር ስል ኦጁሉ፣ ያ «እጄ አይነሳም» ያለው ሰውዬ፣ እጁ ከሁሉም በላይ ተነሥቷል!

ራሱ ነው መጀመሪያ የሳቀ። ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ቄሱ ሳቁ፣ ዲያቆኑ ሳቀ፣ ጓዱም ሳቀ፣ እና እየሳቀ ሳለ ሳቁ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። «ኦጁሉ፣ በድዬሃለሁ» አለ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ኦጁሉ ታዲያ ከጀሪካኑ ላይ ተነሣና መታለት። ቀስ ብሎ መሰላችሁ? ከተማው እስኪሰማ!

በሚቀጥለው እሁድ ጓዱ ከበሮአችንን በገዛ ትከሻው ተሸክሞ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያው መሃል መጣ። ቁልፉንም አመጣ። እየዘመርን ተከተልነው፣ ባለሱቁ ቆሞ አየን፣ ወታደሩ ቆሞ አየን፣ እና ቤታችን ገባን! ምስጋና ለጌታ! ጓዱን ወዲያው ወደ ሌላ አገር አዛወሩት፤ ያን በር ግን ዳግመኛ የቆለፈው የለም።

እና ስሙኝ። እኛ ለጓዱ መድረክ አልሰጠነውም፣ አላጨበጨብንለትም። ሰሌን ላይ ነው ከእኛ ጋር የተቀመጠው። የእናንተንም ባለሥልጣን እንደዚያ አስቀምጡት። ሰሌኑ ይበቃዋል።

«እማማ፣ እርስዎስ? ያን ጊዜ እጅዎን አነሡ?»

እኔማ ልጅቷን ታቅፌ የት እጅ አለኝ? የእሷን ጭብጥ እጅ ይዤ አነሣሁላት! ሃ ሃ ሃ!