የሹፌሩ እግርና የአክስቱ ፍቅር

የአውቶቡስ ሹፌሩ ከመድኃኒት ቤት እያነከሰ ሲወጣ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደጉት አክስቱ ከገበያ ሲመለሱ ደጃፉ ላይ ተገጣጠሙ።

«ወይኔ ልጄን! በሥራ ሰዓት እዚህ ምን ትሠራለህ?» አሉ፣ ዘንቢላቸውን ደረጃው ላይ አስቀምጠው።

«የአውቶቡሱን ቁልፍ ነጠቁኝ፣ እትዬ።»

ጠዋት ፍሬን ሲረግጥ የእግሩን አውራ ጣት ሪህ እንደ ምስማር ወጋውና እግሩ ሸሸ፤ መንገድ የምታቋርጥ ሴት ለጥቂት ተረፈች። ኃላፊውም «እስከ ወሩ መጨረሻ ካልዳንክ ሌላ ሹፌር እቀጥራለሁ» አለው።

ያንገበገበው ግን ይህ ብቻ አይደለም። ሐኪሙ «ሥጋ ተው» ካለው ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ ሥጋ ሲጠበስ እየሸተተው ምራቁን ዋጠ። ባልደረቦቹ «ፍየሉ መጣ፣ ቅጠል አቅርቡለት!» እያሉ ሲስቁበት ጥርሱን ነክሶ አክስቱ በምሳ ዕቃ የሚልኩለትን የምስር ሾርባ ጠጣ። ታዲያ ምን ፈየደለት?

«‹ሥጋ አትተው› ሲሉኝ እርስዎ ልክ ነበሩ» አለ በምሬት። «ሐኪሙ ውሸቱን ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሥጋ ይሥሩልኝ።»

የአክስቱ ፊት በራ። «አንተ ሞኝ! መቼ ተውክና ነው?»

«ምን አሉኝ?»

«ምስሩን በባዶ ውሃ የምቀቅለው መሰለህ? በአጥንት መረቅ ነዋ! ኩላሊትና ጉበትም አድቅቄ እጨምርበታለሁ። አንጀቴ አልችል ቢለኝ ነው። ‹ጣፈጠኝ› ስትል አልነበር?»

የሹፌሩ ደም ፈላ። ያሳደጉትን ሴት «አንቺ» ማለት አይሆንለትም እንጂ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«ጠላት እንኳ እንዲህ አላደረገኝም፣ እትዬ! አምሮቴን ታግዬ ጣልኩ ብዬ ስኮራ፣ ለካ እርስዎ ከኋላዬ ሆነው ያበሉኛል! ሐኪሙ ያለውን አልነገርኩዎትም? ሥጋው፣ ከሁሉም በላይ ኩላሊቱና ጉበቱ፣ መረቁም ጭምር፣ ደሜ ውስጥ አሲድ ያበዛል፤ እሱ ነው መገጣጠሚያዬን የሚያሳብጠው።»

«ነግረኸኛል። ግን ጎረቤቱ ‹የወንድሟን ልጅ አስርባ አከሳችው› እያለ ሲያማኝ ልስማ?»

«ጠዋት ለጥቂት ያልገጨኋት ሴት ብትሞት ኖሮ ጎረቤትዎ ይታሰርልኝ ነበር?»

አላፊ አግዳሚው ቆም እያለ ያያቸው ጀመር። እሱ ግን ግድም አልሰጠው። እኔም አልፈርድበትም። «ካልበላህልኝ ተቀየምኩህ» እያለ በሽታ በሳህን የሚያቀርብ ዘመድ እስከ መቼ ይታፈራል? እምቢ ያለ እንግዳ ቤት ናቀ ይባላል፤ የሰው ገላ የናቀውን ግን ማንም ምንም አይለው!

«አባትህ ሥጋ ሲበላ ኖሮ ምን ሆነ?» አሉ አክስቱ፣ እልህ ይዟቸው።

«አባቴ መጨረሻውን በምርኩዝ አልነበር የሚሄደው? እግሩን ይዞ ሌሊቱን ሲጮህ ማን ነበር ውሃ የሚያሞቅለት?»

ያሞቁለት የነበሩት ራሳቸው አክስቱ ናቸው።

«እሱማ… ብርድ መትቶት ነው» አሉ፣ ድምፃቸው ላልቶ።

«ብርድ አውራ ጣት መርጦ ይመታል? እንዲህ አብጦ፣ እንዲህ ቀልቶ?» ጫማውን አውልቆ አሳያቸው።

አክስቱ እግሩን አዩት። አተኩረው አዩት። «አንድ ነው» አሉ፣ እንባቸው እየወረደ። «የአባትህን እግር ይመስላል። ወንድሜንም እኔ ነኝ ሳበላው የኖርኩት!» ከዘንቢሉ በወረቀት የተጠቀለለ ኩላሊት አውጥተው መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ካለው ቆሻሻ መጣያ ወረወሩት።

ከዚያ ወዲያ ምስሩ በውሃና በሽንኩርት ብቻ ተቀቀለ። ባቄላው፣ ጎመኑ፣ ወተቱ ጉልበት አላሳጣውም፤ እብጠቱ እያደር ጎደለ፣ እንቅልፉም ተመለሰለት፤ ወሩ ሳያልቅ መሪ ያዘ። አምሮቱ አልጠፋም፤ ነገር ግን አሁን የሚታገለው ከራሱ ጋር ብቻ ነው።

አንድ ቀን አንዲት ጎረቤት «ምነው ልጁን ቅጠል ታበይዋለሽ? ሥጋ ቢያምረው ኃጢአቱ ባንቺ ነው» አለቻቸው።

አክስቱ ብድግ አሉ። «አንድ ወንድሜን በፍቅር ገድያለሁ!» ብለው ጮኹባት። «ሁለተኛ በዚህ ቤት ስለ ሥጋ እንዳትናገሪኝ!»