ስሙ ስንቴ ይጠራል

ጠዋት ካሮልተን ጣቢያ ላይ ባቡር ውስጥ ስገባ፣ የሃይስኩል የአሜሪካን ፉትቦል ማሊያ የለበሱ አባት ከአንድ ወጣት ሐበሻ ጋር ያወራሉ።

«የልጅዎ ማሊያ ነው ጋሼ?»

«አዎ። ዋይድ ሪሲቨር ነው፤ ኳሱ በእጅ ሲወረወር ሮጦ የሚቀልበው እሱ ነው።»

«ዘንድሮ ስንት ኳስ ይይዛል ይላሉ?»

«ሰባ።»

«ኧረ ጋሼ! አምና ስንት ያዘ?»

«አርባ። ያውም ጥሩ ወርዋሪ እያለ። ወርዋሪው ግን ግራጁዌት አደረገ።»

«ሶ፣ በአዲስ ወርዋሪ ሰባ ይከብዳል። ሃምሳ ይበሉ።»

«ሰባ አልኩህ! ትምህርት ተዘግቶ ሰመሩን ሙሉ ፓርኪንግ ሎት ላይ የወረወርኩለት በዚህ ትከሻዬ ነው።»

«ያርዱስ? ይዞ ስንት ያርድ ይሮጣል?»

«ያርዱን ተወው። እሱ በያዘ ቁጥር አሜሪካዊው አስተዋዋቂ በማይክ ‹ተክለወልድ!› ይላል፣ ምላሱ እየተሳሰረ። ስታዲየሙ በሙሉ ይቀበለዋል።»

«የልጁ ስም ነው?»

«ላስት ኔሙ ነው፤ የአባቴ ስም። አባቴ አገር ቤት የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር። ሠላሳ ዓመት በር ሲከፍት በስሙ የጠራው ተማሪ የለም። ‹ዘበኛ!› ነው የሚሉት።»



«እሺ ጋሼ፣ ሰባ ይሁን።»

እኔም አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን የሥራ ባጄን ገልብጬ ላስት ኔሜን፣ የአያቴን ስም፣ አነበብኩት።