አለቃው ያወጣላቸው ስም

ወደ ስፕሪንግ ቫሊ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊት ለፊቴ የሆቴል ጽዳት ዩኒፎርም የለበሱ ሴትዮ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ወጣት በአማርኛ ጠየቋት።

«የኔ ልጅ፣ ቢምቦ ምን ማለት ነው?»

«ማን አለዎት?»

«ሱፐርቫይዘሬ። ስሜ ከብዶት ሁለት ዓመት እንደዛ ነው የሚጠራኝ።»

«እርስዎስ?»

«አቤት እላለኋ! ቁልምጫ መስሎኝ።»

«ስድብ ነው፣ እትዬ። ጭንቅላቷ ባዶ የሆነ ሴት ማለት ነው።»

«እየሳቀ እኮ ነው የሚጠራኝ!»

«ሁሌም እየሳቁ ነው የሚሉት።»

«ጠዋት ኦፊስ ጠሩኝ። አንዷ የሥራ ጓደኛዬ ‹ይሰድበናል› ብላ ከሰሰችውና እኔን ምስክር ቆጠረችኝ።»

«ምን አሉ ታዲያ?»

«ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም ብዬ ፈረምኩ።»

«ልጅቷስ?»

«ውሸታም ተብላ ተባረረች። ስትወጣ ‹እርስዎንም ቢምቦ እያለዎት!› ብላኝ አለቀሰች።»

ሴትዮዋ ቀና ብለው ሲያዩኝ፣ አማርኛ እንደማይሰማ ሰው ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።