የሁዳዴ ቁርስ

ወደ ደምበጫ የምትሄደው ሚኒባስ ከደብረ ማርቆስ ስትወጣ፣ ከኋላዬ አንዲት ሴት የንስሐ አባቷን በዝግታ ታዋያቸው ጀመር።

«አባ፣ የኤችአይቪውን መድኃኒት ዛሬ አልዋጥኩትም።»

«ምነው ልጄ?»

«በባዶ ሆድ ስውጠው ያጥወለውለኛል። በሁዳዴ ደግሞ በጠዋት እህል እንዴት ልቅመስ?»

«ለመሆኑ ቫይረሱ ምንሽን ነው የሚጎዳው?»

«ደሜ ውስጥ ያሉትን ጠባቂዎች ነው የሚጨርሳቸው፤ በሽታ ሲመጣ የሚከላከሉልኝን።»

«አልቀዋል እንዴ?»

«ሊያልቁ ምንም አልቀራቸው ነበር። በመድኃኒቱ አዲሶች እየተወለዱ ነው ብለውኛል።»

«መድኃኒቱን የጀመርሽው መቼ ነበር?»

«ካቻምና።»

«እንግዲያ ትልቁ ገና ሁለት ዓመቱ ነዋ!»

«ማን፣ አባ?»

«ጠባቂሽ ነዋ! ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ይጾማል እንዴ?»

ሴትየዋ ሳቀች።

«አባ ደግሞ! እኔስ ሕፃን ነኝ?»

«አንቺማ እናታቸው ነሽ፤ ካልበላሽ በምን ያድጋሉ? እግዚአብሔር ይፍታሽ። እንኪ፣ ይችን ዳቦ ቅመሺና ዋጪው።»

«ለማታ የያዟት አይደለች? እርስዎስ?»

«እኔማ ሰባት ዓመት ካለፈኝ ቆየ።»

መውረጃዬ አማኑኤል ስንደርስ የክኒኑ ብልቃጥ ሲከፈት ሰማሁና «ወራጅ አለ» ማለቱን ረሳሁት።