በጆሮ የተፈረደበት ሞተር

ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መታጠፊያው ላይ ፊት ለፊት የገጠማት ሰው አልነበረም፤ የእናቷ የስፌት መኪና ነበር። በእጅ ጋሪ ላይ በገመድ ተጠፍሮ በየጉድጓዱ እየተንገጫገጨ ይመጣል። ባለጋሪው ላቡን በክንዱ እየጠረገ ይገፋል፤ አባቷ ከጎን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ይከተላል። ነገሩን የማያውቅ ሰው ቢያያቸው ቀብር ነው ይላል። ቀብርስ ቀብር ነበር፤ ችግሩ ሟቹ ሌላ፣ የሚቀበረው ሌላ መሆኑ ነው። ሟች የተባለው የአባትየው የናፍጣ መኪና ሞተር ነው።

“አባዬ፣ ይሄ የት ነው የሚሄደው?”

“ገዢ ዘንድ። ለግራጫዋ ሞተር ሊቀየርላት ነው።” ግራጫዋ የሚላት ያቺን ሰው የሚያመላልስባትን መኪና ነው።

“እማዬስ?”

“እሺ ብላለች።”

“እሺ አለች ወይስ ዝም አለች?”

አባትየው አንዴ ባለጋሪውን፣ አንዴ አስፋልቱን አየ። “ዝም አለች” አለ።

ልጅቷ ደሟ ፈላ። አይፈረድባትም። የቤቱ ቀሚስ፣ የጎረቤቱ መጋረጃ፣ የእሷ የደብተር መግዣ ሳይቀር የሚወጣው ከዚያች መርገጫ ነው። ቤት ውስጥ “ጠበቃዋ” ይሏታል፤ ያለ ደመወዝ የምትሠራው ሥራ ነው። ቦርሳዋን ጋሪው ላይ ጣል አድርጋ መንገዱን ዘጋች።

“ጋራዡ እዚህ ጋ ነው። ግቡና አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። አጥጋቢ መልስ ካገኘሁ ጋሪውን ራሴ እገፋዋለሁ።”

“እኔ ይሁን ብያለሁ” አለ ባለጋሪው ቶሎ ብሎ።

“አንቺ ደግሞ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ?” አለ አባትየው።

“የመኪናዋን መመሪያ አንብቤዋለሁ። አንተ እንዳይቆሽሽ ብለህ ዘጠኝ ዓመት በላስቲክ ጠቅልለህ ያስቀመጥከውን። ክረምቱን ሙሉ መዝገበ ቃላት ይዤ!”

መጽሐፍ እንዳይቆሽሽ ሳይነበብ ይቀመጣል? ምግብም እንዳይቆሽሽ ሳይበላ ይቀመጥ እንግዲህ!

የጋራዡ ባለቤት ከኋላው ሰው ሁሉ “ጋሽ ጆሮ” የሚለው ነው። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ ይፈርዳል። የፈረደበት ሞተር ይግባኝ የለውም። ግራጫዋ አፏን ከፍታ ጥግ ቆማለች። ከጎኗ እሷን የሚጠብቅ “ተተኪ” ሞተር ተቀምጧል፤ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ዓመት እንደሠራ የሚያውቅ የለም፤ ቀለሙ ግን አዲስ ነው፣ እጅ ላይ ይለቃል።

“ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? የአባዬን ሞተር የገደለው ምንድን ነው?”

“ዕድሜ ነዋ የኔ ልጅ።”

“እርስዎ እኮ ነዎት የቀየሩት፣ ከሁለት ዓመት በፊት። በሁለት ዓመቱ አረጀ?”

ባለጋሪው አፉን በእጁ ሸፈነ።

“አንዳንድ መኪና ሞተር አይበረክትላትም” አለ ጋሽ ጆሮ። “ዕድሏ ነው።”

“የመጀመሪያውስ?”

“እሱም… ያው።”

“እሱም ዕድል! አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው በአንድ ዓይነት በሽታ ሲሞት ሐኪሙ ‘ዕድላቸው ነው፣ ሦስተኛውን አስገቡ’ ይላል? የሚጠጡትን ውሃ ይመረምራል እንጂ!”

“አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ!” አለ አባትየው። ሲል ግን ዓይኑ ባለ አዲስ ቀለሙ ሞተር ላይ ነበር።

ግድግዳው ላይ በረጅም ሽቦ የተሰካኩ ክብ ክብ ብረቶች እንደ ሐብል ተንጠልጥለዋል። ልጅቷ ጣቷን ቀሰረች። “እነዚያስ?”

“ቴርሞስታት ነው” አለ ጋሽ ጆሮ ደረቱን ነፍቶ። “መኪና እዚህ ሲገባ መጀመሪያ እሱን ነቅዬ አወጣለሁ። የብርድ አገር ዕቃ ነው። ይሄ ሁሉ ፀሐይ እያለ ምን ያደርጋል?”

“የኔም እዚያ አለ” አለ አባትየው። “በገዛኋት በማግስቱ ነው ያስነቀልኩት። ሁለተኛው ሞተር ሲገባም።”

ይህን በኩራት መናገሩ ነው የሚያበግነው።

“አባዬ፣ እሱ በር ነው፣ በር! ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ዘግቶ ይይዛል፣ ሲሞቅ ይከፍትለታል። የሰማዩ ፀሐይ ምን አገባው? በሩ ሲነቀል ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ይሠራል፤ ናፍጣው በቅጡ አይነድም፣ ያልነደደው ዘይቱን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ያጥበዋል፣ ብረት ብረትን ይበላል። አንተ ደግሞ ራዲያተሩን ከቧንቧ ውሃ ትሞላዋለህ። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የተጋገረውን ነጭ ነገር አላየህም? እሱ ነው እዚያም የተጋገረው። ጠዋት እያቀዘቀዝክ፣ ዳገት ላይ እየቀቀልክ ምን ዓይነት ሞተር ይኑርልህ?”

“ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ!” ጋሽ ጆሮ ካቻቢቴውን ወረወረ።

“ሠላሳ ዓመት ሲነቅሉ እንደነበር ሽቦው ይመሰክራል፣ ጋሼ። ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ያ እዚያ የተሰቀለው ባለ ሰዓቱ ዕቃስ ምንድን ነው?”

“የግፊት መለኪያ። እሱ ለድርጅት መኪና ነው። እነሱ በወረቀት ካልተጻፈላቸው አይቀበሉም።”

“ለድርጅት በመለኪያ፣ ለአባቴ በጆሮ?”

አባትየው ቀና አለ። እስካሁን የተባለው ሁሉ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ሲወጣ ነበር፤ ይሄኛው ግን ልቡ ላይ ቆመ።

“እንዴ! እኔ ሰው አይደለሁም?” አለ። “ለካው!”

“ወንድሜ፣ የልጅ ነገር ሰምተህ—”

“ለካው አልኩህ! በወረቀትም ጻፍልኝ!”

ጋሽ ጆሮ እያጉረመረመ መለኪያውን አራቱም ሲሊንደር ላይ በየተራ እየሰካ ሞተሩን አስዞረ። አንደኛው ደህና። ሁለተኛው ወርዷል። ሦስተኛው ወርዷል። አራተኛው ደህና። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፈ።

“የወረዱት ጎን ለጎን ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው” አለ በቀጭን ድምፅ። “መሃላቸው ያለው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ ነው የተቃጠለው። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን አውርጄ፣ መጣመም አለመጣመሙን አይቼ፣ ጋስኬቱን ብቀይር…”

“ታዲያ ሞቷል ወይስ አልሞተም?”

“አልሞተም።”

እውነቱን እንነጋገር፤ ልጅቷ ሞተር መቀየርን አትጠላም። አራቱም ወርደው ቢገኙ “ይቀየር” ብላ የምትጮኸው እሷው ነበረች። የማትችለው ሳይለኩ መፍረድን፣ ገዳዩን ቤት አስቀምጦ ሟች መቁጠርን ነው።

አባትየው ግን ገና እያመነታ ነበር። “ጠግኜው ነገ ደግሞ ቢሞትስ?”

ልጅቷ ወደ ጋሪው ሄዳ የስፌት መኪናውን መሳቢያ ሳበች፤ ጫፍ ጫፉ ያለቀ መመሪያና ትንሽዬ የዘይት ማንቆርቆሪያ ወጣ። “እማዬ እኔን ሳትወልድ ጀምሮ በዚህች ትሠራለች። በየቅዳሜው ጠብታ ዘይት ታደርግላታለች። መመሪያው ከመገለጥ ብዛት አልቋል። አንድ ቀን ‘ዕድሏ ነው፣ ሌላ ግዛልኝ’ ብላህ ታውቃለች? አንተ ግን ያልተንከባከብከውን ለማዳን የተንከባከበችውን ትሸጣለህ!”

አባትየው የዘይት ማንቆርቆሪያዋን ተቀብሎ በመዳፉ ውስጥ አየ፣ አገላበጠ። ከዚያ መልሶ መሳቢያው ውስጥ አኖራትና ባለጋሪውን፣ “አዙረው” አለው።

“ተመስገን” አለ ባለጋሪው። “መመለሻው ቁልቁለት ነው።”

ግራጫዋ በአዲስ ጋስኬት፣ በአዲስ ቴርሞስታትና ለራዲያተር ተብሎ በተሠራ ፈሳሽ ወጣች። ዳገቱን ያለ ጭስ ትወጣዋለች፤ ናፍጣውም ከበፊቱ ረዘም ላለ መንገድ ይበቃል፤ ተሳፋሪም መንገድ ላይ ወርዶ አይገፋም። ጋሽ ጆሮም መለኪያውን ለመጣው ሁሉ ያወርዳል፤ ሳይወድ በግዱ፣ ወሬው ስለተሰማ። ደንበኞቹ ሽቦው ሥር ቆመው “የኔ የትኛው ነው?” እያሉ አፋጠውታል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ እናትየው በመስኮቱ አጠገብ መርገጫዋ ላይ ጎንበስ ብላ ዘይት ታንጠባጥባለች። አባትየው ከውጭ፣ በተከፈተው ሞተር ላይ ጎንበስ ብሎ የዘይቱን ልክ ያያል፤ መመሪያው ላስቲኩ ወልቆ አጠገቡ ተዘርግቷል።

“ስማ” አለች እናትየው ቀና ሳትል።

“አቤት።”

“ሁለተኛ ዝም ስል እሺ አለች ብለህ እንዳታወራ።”

አባትየው ዝም አላለም። “እሺ” አለ።