ሐጂ ቡሽታ በእህል ነጋዴው ሚዛን ላይ

ያን ማክሰኞ ጠዋት ሐጂ ቡሽታ ፈረሳቸውን እየሳቡ በእግራቸው ወደ ገበያ ሲወርዱ ያያቸው ሁሉ ደንገጥ አለ። በዱካላ ምድር ኮርቻ የተጫነ ፈረስ እየሳበ በእግሩ የሚሄድ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ ሐዘን ያገኘው ነው፤ ሐጂ ደግሞ ሌባ አይደሉም። ሃያ ዓመት ሙሉ የመንደራቸው የፈረሰኞች ቡድን መሪ ሆነው ኖረዋል። ዐሥራ አንድ ጋላቢ በግራና በቀኝ አሰልፈው፣ በግልቢያ መሀል እርካብ ላይ ቆመው፣ በአንድ ጩኸታቸው ዐሥራ ሁለት ጠመንጃ እንደ አንድ የሚያስተኩሱ ሰው ናቸው። የሌላው መንደር ባሩድ ተንጠባጥቦ ሲጮህ አገር ይስቃል። የእሳቸው ቡድን ተኩስ ተንጠባጥቦ አያውቅም።

ፈረሱ ሺሃብ ይባላል። እናቱ በወለደችው ሳምንት ስለሞተች የሐጂ ባለቤት ላላ ቱሪያ የፍየል ወተት በጡጦ እያጠቡ አሳደጉት። አሁን ግራ የፊት እግሩን ያነክሳል። ሙሴሙ፣ ያ የመንደር ቡድኖች በግልቢያና በተኩስ የሚታዩበት የዓመቱ የፈረስ በዓል፣ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ብቻ ቀርቶታል። ሐጂ ይዘውት የሚሄዱትም ብልዒድ ወደሚባለው፣ ብረት አግሎ የሚያነክስ ፈረስ ትከሻ ወደሚተኩሰው ሰው ነበር። ላላ ቱሪያ ጠዋት፣ "እሱን አስተኩሰህ ከመጣህ እራትህንም እዚያው ብልዒድ ያብላህ!" ብለው በሩን በላያቸው ዘግተዋል።

ገበያው መግቢያ ላይ አንዲት ወጣት ከአውቶቡስ ወርዳ ፊት ለፊት ገጠመቻቸው። የጎረቤታቸው የአናጢው ልጅ ሹሚሻ ናት። ራባት ከተማ የእንስሳት ሕክምና ተምራ ከተመለሰች ገና ዓመት አልሞላትም።

"ሰላም ዐለይኩም ሐጂ። ምነው በእግርዎ?"

"ወዐለይኩም ሰላም ልጄ። ጌታው ደክሞታል። እኔው ልሸከመው ትንሽ ነው የቀረኝ።"

"ወዴት ይዘውት ነው?"

"ብልዒድ ጋ። ትከሻው ላይ ሁለት መስመር ብረት ሲያርፍበት ይነቃል።"

ሹሚሻ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ቁጢጥ አለችና ግራ እግሩን ከኮቴው ጀምራ ወደ ላይ ዳሰሰችው። ፈረሱ ዝም አላት። እጇን በኮርቻው ጠርዝ ሥር ስታስገባ ግን ቆዳው ተርገፈገፈ፤ ጆሮውንም ወደ ኋላ ለጠፈ።

"እግሩ ምንም አልሆነም፤" አለች። "ጀርባውን ነው ያመመው። በግራ በኩል ስለሚያመው ነው እግሩን የሚቆጥበው።"

"ዐይን በልቶት ነው። ባለፈው ሙሴም አገሩ ሁሉ አፍጦበት ነበር።"

"ይሁን፤ ዐይን በላው እንበል። ታዲያ ግራውን ብቻ በልቶ ቀኙን ለምን ተወው?"

"አንቺ ልጅ!" አሉ ሐጂ። "አባትሽ ዳዴ ሲል እኔ ፈረስ ላይ ነበርኩ!"

"እሱንማ አባቴም ይመሰክራል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ከሺሃብ በፊት የነበሩት ሁለቱ ፈረሶች ምን ነካቸው?"

"ሰነፎች ነበሩ። ሁለቱንም አስተኮስኳቸው፤ አልሆን ሲሉኝ ለጋሪ ሸጥኳቸው።"

"የሚያነክሱት የትኛውን እግራቸውን ነበር?"

ሐጂ የሺሃብን ግራ እግር አዩ። እስከ ዛሬ ይህን የጠየቃቸው ሰው የለም፤ እሳቸውም ራሳቸውን ጠይቀው አያውቁም።

"ግራቸውን፤" አሉ በመጨረሻ።

"ሦስት ፈረስ፣ ሦስቱም ግራቸውን። ኮርቻውን ላውርደው?"

"በገበያ መሀል? ፈረሴን ራቁቱን ልታቆሚው?"

"ብልዒድስ ኮርቻውን ሳያወርድ ነው የሚያቃጥለው?"

ኮርቻው ወረደ። ከሥሩ እንደ ወጉ ሰባት የሱፍ ግላስ ተነባብሯል። ሹሚሻ አንድ በአንድ ስታነሳ በግራ በኩል ብቻ ታጥፈው የገቡ ሁለት ቁራጮች አገኘች።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ኮርቻው ወደ ግራ እየዘመመ አስቸገረኝ፤ በዚያ በኩል ደገፍኩት። ለእሱም ይለሰልስለታል።"

እዚህ ላይ ሐጂን አትፍረዱባቸው። በዚያ አገር ግላስ መጨመር ፈረስን መውደድ ነው፤ ኮርቻ በዘመመ ቁጥር ሁሉም ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

"ሐጂ፣ በአንድ ጫማዎ ውስጥ፣ በተረከዝዎ በአንድ በኩል ብቻ፣ ካልሲ አጣጥፌ ብከትልዎት ይለሰልስልዎታል?"

"ያነክሰኛል እንጂ!" አሉ፤ ካሉት በኋላም የተናገሩት ነገር አላማራቸውም።

የመጨረሻው ግላስ ቀኝ ጎኑ ገና ለስላሳ ሱፍ ነው፤ ግራ ጎኑ ደርቆ ጣውላ ሆኗል። ከእሱ ሥር የሺሃብ ጀርባ መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ ተገጥቧል። ላላ ቱሪያ ቢያዩት ኖሮ ገበያው በጩኸት ይናጋ ነበር።

"ኮርቻ ብቻውን አይዘምም፤" አለች ሹሚሻ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "የሚዘምሙት እርስዎ ነዎት።"

"እኔ? እኔ ቡሽታ? እንደ ሚናራ ቀጥ ብዬ ነው የምቆመው! የፈለግሽውን ሰው ጠይቂ!"

"ሰው ያፍርዎታል። ሚዛን ብንጠይቅ ይሻላል።"

እህል ነጋዴው ሲ መኪ ሁለት የመሬት ሚዛን ጎን ለጎን ዘርግቶ ገብስ ይመዝን ነበር። ሹሚሻ ያሰበችውን ስትነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"ሐጂን በኪሎ ልትሸጪልን ነው? የቆየ ሥጋ ነው፣ አይበስልም!"

"አንተ ዝም ብለህ ቁጥርህን አንብብ!" አሉት ሐጂ። ግራ እግራቸውን በአንዱ፣ ቀኝ እግራቸውን በሌላው ሚዛን ላይ አሳረፉ። ሹሚሻ ዐይናቸውን እንዲጨፍኑና እርካብ ላይ እንደሚቆሙት እንዲቆሙ ነገረቻቸው። ደረታቸውን ነፉ፤ ጠመንጃ የያዙ ያህል ቀኝ እጃቸውን አነሱ። "ቀጥ ብያለሁ። አንብብ!"

"ግራ ኀምሳ አራት። ቀኝ..." ሲ መኪ አጎንብሶ ደግሞ አየ። "ቀኝ ሃያ ስምንት።"

"ሚዛንህ ሌባ ነው!"

"ወላሂ ሐጂ፣ ሰው ይሰማል!"

ሚዛኖቹን አቀያየሯቸው። አሁንም ግራ ኀምሳ አራት፣ ቀኝ ሃያ ስምንት። ለጨዋታ የተሰበሰበው ሰው ሳቁን ተወ። ሐጂ ዐይናቸውን ገልጠው ከሚዛኑ ሳይወርዱ ቆሙ። ከሰባት ዓመት በፊት በሙሴም ሜዳ ወድቀው ቀኝ ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ሲድን ተረሳ፤ እሳቸውም ረሱት። ዳሌው ግን አልረሳም ኖሯል፤ ክብደታቸውን ሁሉ ወደ ግራ አሳልፎ ሲሰጥ ከርሟል።

"ቀጥ ያልኩ ነው የሚመስለኝ፤" አሉ።

"ይመስላላ። ሰውነት ሲቆይ ጠማማውን ቀጥታ ብሎ ይለምደዋል። ከላይ ያለው ሰው ሲያጋድል ግን ፈረሱ ሚዛኑን እንዳይስት ከሥር በተቃራኒው ይጠማዘዛል። አንድ ጎኑ ብቻ ሲለፋ ጅማቱ ይደነድናል፣ ጀርባው ይላጣል፣ በመጨረሻ እግሩ ያነክሳል። በግልቢያ ጊዜ ደግሞ ክብደትዎ በያንዳንዱ ዝላይ እጥፍ ሆኖ ነው የሚያርፍበት። ይህ ሁሉ ሆኖ እኛ ትከሻውን እናቃጥለዋለን።"

ሐጂ ከሚዛኑ ወረዱ። "እነዚያ ሁለቱ..." ብለው ጀመሩ፤ አልጨረሱትም። የተቃጠለው ቆዳ ሽታ አፍንጫቸው ውስጥ መጣባቸው። አፈሩም፤ እንደዚያ አፍረው አያውቁም።

ሐጂና ሹሚሻ ከገበያው ሲመለሱ ሺሃብን በመሀል አድርገው ነው የሄዱት። ኮርቻውን ሐጂ ራሳቸው ተሸከሙት፤ ከዚህ ኮርቻ ጋር የምነጋገረው አለኝ፣ ለማንም አልሰጥም አሉ።

"እሺ፣ ምን ይደረግ?"

"እሱ ገጣባው እስኪድን ኮርቻ አያይም። እርስዎ ዳሌዎን ሐኪም ያያል፣ የሚያዝልዎትን እንቅስቃሴ ጠዋት ማታ ይሠራሉ። እነዚያን ሁለት ቁራጮች ይጣሉ። ከዚያ በኋላ ሲጋልቡ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ትከሻዎና ዳሌዎ እኩል መሆኑን ይንገርዎት።"

"ይሄን ሁሉ ለፍቼ ምን አገኛለሁ?"

"ፈረስዎ በሦስት ዓመት ከመሰናከል ይድንና እስከ ሃያ ዓመቱ ያገለግልዎታል። ሲሮጥ ቀጥ ስለሚል ሰልፍዎ አይበላሽም። ኮርቻ ሲያይ አይነክስም፤ ልጓም ሲጎተት አይታገልም። የእርስዎም ወገብ ሌሊት ያስተኛዎታል። ያስተኛዎታል እንዴ አሁን?"

"ይሄን ደግሞ ማን ነገረሽ?"

"ላላ ቱሪያ።"

ሐጂ ሳያስቡት ሳቁ። ትንሽ ሄደው ግን ቆሙ። "ሙሴሙስ?"

"ሙሴሙ ይለፍዎት፣ ሐጂ።"

ሃያ ዓመት አንድም ጊዜ አልቀሩም። የመሪውን ቦታ የሚመኙት ደግሞ ብዙ ናቸው፤ ዛሬ የለቀቁትን ነገ መልሱልኝ ማለት የለም። በብልዒድ ዳስ በር ሲያልፉ ሰውየው፣ "ሐጂ፣ ኧረ ብረቱ ግሏል!" ብሎ ተጣራ።

"ሻይ አፍላበት!" አሉት፤ ሳይዞሩ አለፉ።

ያን ሳምንት ሐጂ የቡድናቸውን ዐሥራ አንድ ሰው እየጎተቱ በሲ መኪ ሚዛን ላይ አቆሙ። አራቱ ጠማማ ሆነው ተገኙ፤ አንዱ በቂም ሁለት ቀን አኮረፈ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንደር ማንም ግላስ ከመጨመሩ በፊት ሚዛን ላይ ይወጣል። የሚያነክስ ፈረስም አልፎ አልፎ ካልሆነ አይታይም፤ ብልዒድ አሁን የበር ማጠፊያ ነው የሚሠራው። እንዲህ ዓይነት ለውጥ ብዙ ድካም አይጠይቅም። የሚከብደው አንድ ሰው መጀመሪያ አፉን ሞልቶ ጥፋቱ የእኔ ነው ማለቱ ነው።

በዚያው ዓመት በሙሴሙ ቀን ሰልፉን የመራው የሐጂ የወንድም ልጅ ለርቢ ነው። ሐጂ ነጭ ጀለባቸውን ለብሰው ከተመልካቹ መሀል ቆሙ። ሕዝቡ እርስ በርሱ ይንሾካሾካል። ድምፅ ማጉያውን የያዘው አስተዋዋቂ የሐጂ የድሮ ወዳጅ ነበርና ሊሸፍንላቸው ብሎ፣ "ወገኖቼ፣ መሪያችን ሐጂ ቡሽታ ፈረሳቸው ታሞባቸው ዘንድሮ አልተሰለፉም፤ ዱዓ አድርጉላቸው!" አለ።

እንዲህ ብሎ ቢያልፍ የሐጂ ክብር አይነካም ነበር። ሐጂ ግን ሰዉን እየገፉ ወደ መድረኩ ወጡ፤ ማጉያውንም ከወዳጃቸው እጅ ወሰዱ።

"ፈረሴ አልታመመም፤" አሉ። "የታመምኩት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመት ጠምሜ ተቀመጥኩባቸው። ሦስት ፈረስ አሰናከልኩ፤ ሁለቱን ሰነፎች ናችሁ ብዬ በእሳት አቃጠልኩ። አንዳቸውም ጥፋት አልነበረባቸውም።"

የፈረሰኛ ቡድን መሪዎች በሕዝብ ፊት እንዲህ ሲናገሩ ተሰምቶ አይታወቅም። ከዚያ ተራቸውን ከሚጠብቁት የሌላ መንደር ቡድኖች አንድ ሽበታም ጋላቢ ከፈረሱ ወረደ፤ የኮርቻውን መቀነት ፈታና እጁን ከግላሱ ሥር አስገባ። አጠገቡ ያለው አየውና እሱም ወረደ። ቀጥሎ ሌላው ወረደ።